ከወጥ ቤቱ እስከ ደጃፉ
በሐረርና በሶፊ የተሰናዳ ምግብ ወደ ደንበኛ ቤት ስለ ማድረስ

የተሰናዳ ምግብ ከቤት ወደ ቤት ማጓዝ ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ለመንገደኛ ስንቅ የምንቋጥር፥ ለአራሽና ለአጫጅ ምሳ ወደ ማሳ የምንልክ፥ ሐዘን ለደረሰበት ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዘን የምንሄድ ሕዝብ ነን። በቆዳ የተለበጠው አገልግልም ለዚሁ ጉዳይ የተበጀ ዕቃ ነው። አዲሱ ነገር፥ ይህ ልማድ ከዝምድናና ከጉርብትና ወጥቶ ንግድ መሆኑ ነው። ቀድሞ ላኪው ተቀባዩን ያውቀዋል፤ የበላውም ሰው ቢታመም ከማን እጅ እንደ በላ አይጠፋውም። አሁን ግን ወጡን የሠራችው ሴት፥ ዕቃውን የተሸከመው ወጣትና በቤቱ ተቀምጦ የሚመገበው ደንበኛ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። በመካከላቸው ያለውን መተማመን የሚጠብቀው ንጽሕና ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ ይህ ንግድ ሥር ሰድዷል። ዴሊቨር አዲስ የተባለው ድርጅት ከ2007 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የምግብ ቤቶችን ምግብ ወደ ደንበኞች ቤት ማድረስ ከጀመረ ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ሲገባ ሰው ተሰብስቦ መብላትን ስለ ፈራ በቤት መመገብ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሒሳቡን በስልክ መክፈል ተቻለ። እንግዲህ በስልክ አዝዞ፥ በስልክ ከፍሎ፥ በደጃፍ መቀበል ለሐረርም ሰው ሩቅ ነገር አይደለም። ባለ ምግብ ቤት የሆነ ሁሉ ስልክና አንድ ባጃጅ ካገኘ ነገውኑ ሊጀምረው ይችላል። እኛንም ይህን ጽሑፍ እንድናቀርብ ያነሣሣን ይኸው ቀላልነቱ ነው። ንግዱ ለመጀመር እጅግ የቀለለ ሲሆን፥ የሚያመጣው ጉዳት ግን ቀላል አይደለምና።

አሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ እንግለጽ። ምግብ ወደ ቤት መላክ መልካም ሥራ ነው፤ ሊበረታታም ይገባዋል። ነገር ግን መንገዱ የወጥ ቤቱ አንድ ክፍል ተደርጎ ካልተቆጠረ፥ ተሸካሚውም እንደ ወጥ ሠሪዋ ሁሉ ምግብ አዘጋጅ ነው ተብሎ ካልታየ፥ ባይጀመር ይሻላል።

ስለ ምን እንዲህ እንላለን? የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፥ በተበከለ ምግብ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰዎች ይታመማሉ፤ 420,000 የሚሆኑት ይሞታሉ፤ ከነዚህም ውስጥ 125,000ዎቹ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። በአገራችንም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን የተቀሰቀሰው የኮሌራ በሽታ ወደ ብዙ አካባቢዎች መዛመቱ፥ ንጹሕ ያልሆነ ውሃና ምግብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሳይቶናል። ምግብ ቤት ሄዶ የሚበላ ሰው ቢያንስ ቤቱን ያያል፤ ጠረጴዛው ከቆሸሸ፥ ዝንቡ ከበዛ ተነሥቶ ይሄዳል። በቤቱ ተቀምጦ የሚቀበል ሰው ግን የሚያየው የተዘጋ ዕቃ ብቻ ነው። ዐይኑ ሊያደርግለት ይችል የነበረውን ጥበቃ ለባለ ምግብ ቤቱ አደራ ሰጥቷል ማለት ነው። አደራ ደግሞ ከንግድ ይከብዳል።

የበሽታ ተሐዋስያን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ለብ ያለ ምግብ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ይራባሉ፤ ከ60 በላይ በሆነ ትኩሳትና ከ5 በታች በሆነ ቅዝቃዜ ግን መራባታቸው ይቆማል ወይም እጅግ ይዘገያል። ምቹ በሆነላቸው ጊዜ ከነርሱ ብዙዎቹ በየሃያ ደቂቃው እጥፍ ይሆናሉ። መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢያሠሯቸው መልካም የሒሳብ ትምህርት ይሆናቸዋል። አንዱ ተሐዋስ በሁለት ሰዓት ውስጥ 64፥ በአራት ሰዓት ውስጥ 4,096 ይሆናል። አንድ ሺሕ ሆነው ከጀመሩ በአራተኛው ሰዓት ከአራት ሚሊዮን በላይ ናቸው። ምግቡ ግን አይሸትም፤ መልኩም አይለወጥም።

አሁን የአንድ ምሳ ጉዞ እንመልከት። ወጡ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ወጣ እንበል። 5 ሰዓት ላይ በዕቃ ተደረገ፤ ተሸካሚው አራት አምስት ትእዛዝ እስኪጠራቀም ጠብቆ በ5 ሰዓት ተኩል ተነሣ፤ የመጨረሻው ደንበኛ ዘንድ በ6 ሰዓት ተኩል ደረሰ። ደንበኛው ስብሰባ ላይ ኖሮ በ7 ሰዓት በላ። ማንም ሰው ጥፋት የሠራ አይመስልም፤ ሆኖም ምግቡ ሦስት ሰዓት ለብ ብሎ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ካለ ማሞቂያና ካለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ደግሞም «ቢያድር ቢውል እንደ ገና ይሞቃል» የሚለው አነጋገር ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በሰው እጅ፥ በአፍንጫና በቁስል ላይ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ የተባለው ተሐዋስ በምግቡ ውስጥ የሚተወው መርዝ፥ ተሐዋሱ በሙቀት ከሞተ በኋላም እንኳ አይጠፋም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ የሰዓት ደንብ ይሁን። ምግቡ ከእሳት ሲወርድ ሰዓቱ በዕቃው ላይ ይጻፍ፤ ከዚያች ደቂቃ አንሥቶ እስኪበላ ድረስ ሁለት ሰዓት እንዳያልፍ ይደረግ። ይህን ሊያደርስ የማይችል ባለ ምግብ ቤት ትእዛዙን «አይደርስም» ብሎ ይመልስ። ደንበኛ አንድ ቀን ምሳ ቢቀርበት ነገ ይመለሳል፤ ከታመመ ግን አይመለስም።

ሁለተኛው ደንብ ስለሚላከው ምግብ ዐይነት ነው። በጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ ሁሉ ለመንገድ አይሆንም። እንጀራ ኮምጣጣ ስለ ሆነ ተሐዋስያን በቀላሉ አይራቡበትም፤ ዳቦና በደንብ የተጠበሰ ደረቅ ሳምቡሳም መንገድ ይችላሉ። ሽሮና ሌላውም ወጥ እየፈላ ወርዶ፥ በጠባብ አፍ ክዳን ባለው ዕቃ ተደርጎ፥ ከእንጀራው ተለይቶ ቢላክ ትኩስነቱን ይጠብቃል። ጥሬ ሥጋ፥ ለብ ለብ ያለ ክትፎ፥ ያልፈላ የላም ወይም የግመል ወተት፥ በጥሬ እንቁላል የተሠራ ማጣፈጫ፥ በንጹሕ ውሃ ያልታጠበ ሰላጣ ግን ከምግብ ቤቱ ደጅ ሊወጡ አይገባም። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትልን፥ ያልፈላ ወተትም ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ እንደሚያመጡ የታወቀ ነው። ሩዝም ንጹሕ መስሎ ሰውን ያታልላል፤ ተቀቅሎ ለብ ብሎ ከዋለ፥ መቀቀሉን ችሎ የቀረ ተሐዋስ ይራባበታልና፥ ቶሎ ሊበላ ይገባዋል። በትልቅ ድስት የተሠራ የሥጋ ወጥም ከላዩ የበረደ ሲመስል መካከሉ ለረጅም ጊዜ ለብ ብሎ ስለሚቆይ፥ ለሚላከው ምግብ በትንንሽ ድስት መሥራት ይሻላል።

ሦስተኛው የዕቃው ነገር ነው። ትኩስ ፉልና ትኩስ ሻይ በስስ ፌስታል ቋጥሮ መስጠት ልማድ ሆኗል። ፌስታል ለትኩስ ምግብ የተሠራ ዕቃ አይደለም፤ ከዚህም ሌላ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን ከልክሏል። አዲስ ንግድ የሚከፍት ሰው በሚወገድ ዕቃ ላይ ባይመሠርተው ብልህነት ነው። አገልግላችን ውብ ነው፤ ነገር ግን ቆዳውና ስንደዶው ወጥ ከነካው በውሃና በሳሙና አይታጠብም። ስለዚህ አገልግሉ ከላይ ልብስ ይሁን፤ በውስጡ ግን ክዳኑ የሚገጥም የማይዝግ የብረት ምሳ ዕቃ ይኑር። ሻይና ሾርባ በፔርሙዝ ይሂዱ። ባዶው ዕቃ በዚያው ቀን ተመልሶ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ።

ይህ አሠራር ከአቅማችን በላይ እንዳልሆነ የሕንድ አገር ምሳሌ ያስረዳናል። በቦምባይ ከተማ ዳባዋላ የሚባሉት ምሳ አድራሾች ይህን ሥራ የጀመሩት በ1890 እ.ኤ.አ. ነው። ከኮሮና ወረርሽኝ በፊት 5,000 ያህል ሰዎች በየሥራ ቀኑ ወደ 200,000 የሚጠጋ ምሳ ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት በባቡር፥ በብስክሌትና በእግር ያደርሱ ነበር። ምሳው የሚሄደው በብረት ምሳ ዕቃ ነው፤ ባዶው ዕቃ በዚያው ቀን ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ትምህርታቸው ጥቂት ስለ ሆነ በየክዳኑ ላይ ሰፈሩንና ቤቱን የሚያመለክት ቀለምና ምልክት ይደረጋል። የዚህ ሁሉ ጥንካሬ መኪና ወይም ገንዘብ ሳይሆን ሥርዓት ነው።

የሐረር ጀጎልም ለእንዲህ ያለ ሥርዓት የተመቸ ነው። በግንቡ ውስጥ ያለው ከተማ በእግር በአጭር ጊዜ ይዳረሳል፤ 368 ናቸው እየተባለ የሚነገርላቸው ጠባብ መንገዶቹ ግን አብዛኞቹ ለመኪና አይሆኑም። ባጃጁ በፈረስ መጋላ ቢቆም፥ ቀሪው መንገድ የእግር ነው። ቤቶቹንም የሚያውቃቸው የሰፈሩ ልጅ እንጂ የስልክ ካርታ አይደለም። እንግዲህ ምሳ ዕቃዎቹ ለሸዋ በር፥ ለፈላና በር፥ ለኤረር በር፥ ለሰንጋ በርና ለቡዳ በር አምስት የተለያየ ቀለም ቢሰጣቸው፥ ከቀለሙም በታች በቅርብ ያለው መስጊድ ወይም ገበያ ቢጻፍ፥ ምግብ በከንቱ ሲንከራተት አይበርድም። በየበሩ ሰፈር የሚያውቅ አንድ ወጣት ቢመደብ ሰዓትም ይተርፋል፤ ለወጣቱም እንጀራ ይሆነዋል።

በዚህ ከተማ ሌላም ምልክት ያስፈልጋል። ሐረር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው የሚኖሩባት፥ ነገር ግን እያንዳንዱ በራሱ ሥርዓት የታረደውን ሥጋ የሚበላባት ከተማ ናት። በክርስቲያኑም ዘንድ የጾምና የፍስክ ቀን አለ። በጠረጴዛ ላይ የተሳሳተ ሳህን ቢቀርብ አሳላፊው ወዲያው ይመልሰዋል፤ በቤት የደረሰ ስሕተት ግን የሚታወቀው ከተጎረሰ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሁለቱን ሥጋ የሚያዘጋጅ ድርጅት ቢኖር ድስቱ፥ ቢላዋው፥ ምሳ ዕቃውና ማጠቢያው ፈጽሞ የተለየ ይሁን፤ ይህን ማድረግ የማይችል አንዱን ብቻ ይምረጥ። የሰውን ሃይማኖት የሚያከብር ጥንቃቄና ጥሬውን ከበሰለው የሚለይ ጥንቃቄ ልማዳቸው አንድ ነው፤ አንዱን በትጋት የሚጠብቅ ሁለተኛውንም ለመጠበቅ አይቸገርም።

በረመዳን ወር በማፍጠሪያ ሰዓት ሁሉም ሰው በአንዲት ደቂቃ ምግብ ይፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ በገባው በሹዋሊድ በዓል ሰሞንም እንግዳ ይበዛል። እንዲህ ባለ ቀን ፈተናው፥ ለማታ የሚፈለገውን በቀትር ሠርቶ መከመር ነው። እኛ የምንመክረው ተቃራኒውን ነው፤ የበዓል ቀን የሚቀበሉት ትእዛዝ በድስትና በተሸካሚ ቁጥር ይወሰን።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የውሃ ነገር ነው። ለብዙ ዘመን ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ፤ ከዚያ ወዲህ በከፊል ቢመለስም፥ ለከተማዋ የሚሆን ውሃ ከድሬዳዋ አካባቢ ከሐስሊሶ ጉድጓዶች በቧንቧ ተገፍቶ ሽቅብ እንዲመጣ ሆኗል። እንዲህ በድካም የሚመጣ ውሃ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል። ነገር ግን ቁጠባው ከእጅ መታጠቢያና ከዕቃ ማጠቢያ ሊጀመር አይገባውም። ምግብ የሚልክ ቤት ክዳን ያለው የውሃ ታንከር ይኑረው፤ ለመታጠቢያ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና በወጥ ቤቱ በርና በመጸዳጃው በር ይቀመጥ። ታንከሩ በባዶው ቀን ደግሞ ምግብ አይላክ። ይህ ቃላችን ለባለ ንግዶች መራራ እንደሚሆን እናውቃለን፤ «ውሃው የጠፋው በእኛ ጥፋት አይደለም» ይላሉ፤ እውነታቸውንም ነው። ሆኖም ሕፃኑ የሚታመመው ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ተጠይቆ አይደለም።

አምስተኛው ነገር ስለ ተሸካሚው ነው። እዚህ ላይ አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን። በኒው ዮርክ ሜሪ ማሎን የተባለች ወጥ ሠሪ ነበረች። እርሷ ራሷ ጤነኛ መስላ ሳለች የታይፎይድ ተሐዋስ በሰውነቷ ይኖር ነበርና፥ የተቀጠረችባቸው ቤተ ሰቦች ይታመሙ ነበር። በ1907 እ.ኤ.አ. ተይዛ ከሰው ተለየች፤ በ1910 ወጥ እንዳትሠራ ቃል ገብታ ተለቀቀች። ነገር ግን እንጀራ የሚያበላት ሌላ ሙያ አላገኘችምና ስሟን ለውጣ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፤ በ1915 በአንድ ሆስፒታል 25 ሰዎች ታይፎይድ ያዛቸው። ይህ ታሪክ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛው፥ ጤነኛ መስሎ መታየት በቂ ስላልሆነ ምግብ የሚነካ ሁሉ በየጊዜው በሐኪም መመርመር እንዳለበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ ሰውን ሥራ ከልክሎ እንጀራውን የሚተካ ነገር ካልሰጡት በሽታውን ደብቆ ይሠራል።

ተሸካሚ ወጣት የሚከፈለው ባደረሰው ዕቃ ቁጥር ብቻ ከሆነ፥ ተቅማጥ በያዘው ቀን «ታምሜአለሁ» ብሎ ሊቀር አይችልም፤ ከቀረ እራቱን ያጣልና። ስለዚህ ባለ ምግብ ቤቱ ለተሸካሚው የቁርጥ ደመወዝ እንዲከፍል፥ በታመመበትም ቀን ደመወዙን እንዳይቆርጥ አጥብቀን እንመክራለን። ይህን የምንለው ስለ ቸርነት ብቻ አይደለም። በቀን ጥቂት ብር የተከፈለበት ዕረፍት፥ ሃያ ቤት ሊገባ የነበረውን በሽታ በአንድ ቤት ያስቀረዋል። የምርመራውንና የልብሱን ወጪም መቻል ያለበት ባለ ንግዱ እንጂ ተሸካሚው አይደለም። ገንዘብ የነካ እጅ ምግብ እንዳይነካም ሒሳቡ በስልክ ቢከፈል ይመረጣል።

አሁን ስለ ሶፊ እንናገር። ሶፊ ከሐረሪ ሕዝብ ክልል ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዱ ነው። በዚያ ለሚሠሩ መምህራን፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የወረዳ ሹማምንት ከሐረር ምሳ ይላክላቸው የሚል አሳብ ቢነሣ፥ መልካም ይመስላል። ሆኖም ከላይ የተናገርነውን የሁለት ሰዓት ደንብ ካሰብን፥ የገጠሩ መንገድና የቀኑ ፀሐይ ሰዓቱን ይበሉታል። ደግሞስ የሶፊ ገበሬ ያመረተው አትክልት ወደ ከተማ ወጥቶ፥ ተወጥውጦና በርዶ ወደ ሶፊ መመለሱ ምን ጥቅም አለው? ወደ ሶፊ ወጡን ከማጓጓዝ ሙያውን ማጓጓዝ ይሻላል። በትምህርት ቤቱና በወረዳው ጽሕፈት ቤት አጠገብ የሚኖሩ ሴቶች ተሰባስበው፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የንጽሕናውን ሥርዓት አሳይታቸው፥ አንድ ንጹሕ ወጥ ቤት ቢከፍቱ፥ ምሳው በእግር በሩብ ሰዓት ይደርሳል። ገንዘቡም በዚያው ይቀራል። ከከተማ መላክ ግድ ከሆነ ግን ዳቦ፥ ቆሎና የመሳሰለው ደረቅ ምግብ ብቻ ይሁን።

አንዳንዶች ይህን ሁሉ ሲሰሙ «ይህማ ለሀብታም ነው፤ ትንሹ ምግብ ቤት አይችለውም» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ትንሹ ይበልጥ ይችለዋል እንላለን። አሥር ምሳ ዕቃ፥ ሁለት ፔርሙዝ፥ አንድ የውሃ ታንከር፥ ሰዓት የሚጻፍበት ወረቀትና በእግሩ የሚሄድ አንድ ጤነኛ ወጣት ካለ በአንድ በር ሰፈር መጀመር ይቻላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የማይቻለው፥ በመጀመሪያው ሳምንት ከተማውን ሁሉ ላዳርስ ማለት ነው።

ደንበኛም ድርሻ አለው። ሲያዝ በሰዓቱ ቤት ይገኝ፤ ሲቀበል በዕቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ይመልከት፤ የበረደውን፥ ክዳኑ የተከፈተውን ይመልስ፤ ሲበላ እጁን ይታጠብ፤ የተረፈውን ለማታ አያሳድር። ዘገየህ ብሎ ተሸካሚውን ከመቆጣት ይልቅ ለምግብ ቤቱ ይንገር። መምህራንም ይህን በክፍል ቢያስተምሩት፥ ከሕፃናቱ አፍ ወደ ወላጆች ጆሮ ይደርሳል። ባለ ንግዶችም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚጠብቅባቸውን ተቆጣጣሪ እስኪመጣ ሳይጠብቁ፥ በራሳቸው ፈቃድ የጤና ባለሙያ ጠርተው ቤታቸውንም መንገዳቸውንም ቢያስመረምሩ ክብር ይሆንላቸዋል።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለው አባባል ለግለ ሰብ ብቻ አይደለም፤ ለንግድም ይሆናል። የሐረር ምግብ ጣዕሙ የተመሰገነ ነው፤ በየቤቱም ቢደርስ ደስ ይለናል። ከእሳቱ ወርዶ እስኪጎረስ ድረስ ያለው ጊዜ አጭር፥ እጁም ንጹሕ እንዲሆን ግን ባለ ምግብ ቤቱም፥ ተሸካሚውም፥ ደንበኛውም ከዛሬ ጀምረው እንዲያስቡበት በአክብሮት እናሳስባለን።